ጫጫታ ያልነው

ኦደንሴ ከተማ፣ ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣
ዝናቡ በጎን ሲጥል፣
ግድግዳው ስፖንጅ በለበሰ ክፍል
ቶርኪል ተቀመጠ፤
ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ አንዱን የሰጠ
ለመርከብ ፋብሪካ፣ ለብረት፣ ለመዶሻ፣
በሩ እስኪዘጋ፣ እስከ መጨረሻ።
ብረቱ መርከብ ሆኖ ወደ ባሕር ነጎደ፤
መዶሻው ግን ቀረ፣ ጆሮው ውስጥ ለመደ።

ስምንት ድምፅ ማጉያዎች ከበውታል፣ ግራና ቀኝ፤
እኔ ከመስታወቱ ወዲህ እርሳስ ይዤ ነኝ።
የምለቅበት ጫጫታ የአንድ ካፌ ምሳ ሰዓት ነው፣
ሹካ ከሳህን ሲጋጭ፣ ወንበር ሲጎተት የተቀዳው።
አሥራ አራተኛው ሰከንድ ላይ አንዲት ሴት ትስቃለች፤
ዘጠኝ ዓመት ሰማኋት፤ ማን እንደሆነች፣
በምን እንደሳቀች አላውቅም።
ያቺን ሳቅ ማጥፋት ነው ሥራዬ።

በዚያ መሃል ዓረፍተ ነገር እልካለሁ፣ አምስት አምስት ቃል፤
ሆን ተብሎ ፍቺ የለውም፣ ገምቶ እንዳያመልጥ ቶርኪል።
«ኢንገር ዘጠኝ ቀያይ መሰላሎች ሸጠች።»
«ፕሬበን ሁለት እርጥብ ፋኖሶች ገዛ።»
እሱ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ጮክ ብሎ ይደግማል፤
የእኔ እርሳስ ይለቅማል።

በድሮው መሣሪያ አርባ አንድ ነበር ከመቶ፤
በአዲሱ፣ ስሌቱን እኔ በጻፍኩት፣ ሰባ ስምንት ወጣ ሰምቶ።
ከመስታወቱ ወዲህ ብቻዬን አጨበጨብኩ፤
ያንን ቁጥር በኪሴ ይዤ ሳምንት ሙሉ ዞርኩ።

ቤቱ ወስዶ እንዲለምደው ሁለት ሳምንት ሰጠሁት።
ሲመለስ ደብተር ይዞ መጣ፤ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፦

«ሰኞ። የአውቶቡሱ ሹፌር ፌርማታ ይጠራል ለካ።
ረቡዕ። የጎረቤቴን ውሻ ስም ሰማሁ።
ዓርብ። ፍሪጁ ዝም አለ። ተመስገን።
እሑድ። ሶልቫይ ጠፋች።»

«ጠፋች?»
«ቤት ናት። ፊት ለፊቴ ናት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤
ድምፅ ግን የለም። እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ሆኗል።
ድሮ ከማንኪያው፣ ከቧንቧው ጋር ትመጣ ነበረ፤
ከዚያ መሃል ለቅሜ አወጣት ነበረ።
አንቺ ውሃውን አጠራሽልኝ፤
ዓሣውም አብሮ ሄደብኝ።»

ሶልቫይን አስመጣኋት። ጉሮሮዋ ከተቀደደ ሁለት ዓመቷ፤
ከዚያ ወዲህ ትንፋሽ ብቻ ነው አንደበቷ።
ድምጿን ስክሪኑ ላይ አየሁት።
የሰው ድምፅ ትልም አለው፣ እንደታረሰ ማሳ፤
የእሷ ጉም ነው፣ ከወንዝ ላይ የተነሣ።
የእኔ ስሌት ትልም ትልሙን ይዞ ጉሙን ይጠርጋል፤
«ነፋስ ነው» ብሎ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ይፈርዳል።
ጫጫታ ምን እንደሆነ የወሰንኩት እኔ ነኝ፣
አንድ ማክሰኞ ማታ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
ለሠሪውስ ምን ይባላል?
የጆሮውን ቅርጽ በሰም አውጥቼ ነበር፤
ሰሙ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤
ወርቁ እቤቱ ቀርቶ፣ ወጥ ቤት ቆሞ፣
በትንፋሽ ሲያወራ ዋለ።

ስሌቱን ፈታሁት። ጉሙ በከፊል እንዲያልፍ ተውኩት።
ውጤቱ ወረደ፣ ስልሳ ሦስት አገኘሁት።
በሠንጠረዡ ላይ ኪሳራ ነው፤
አለቃዬ አስጋር በቀይ «ለምን?» ጻፈበት።
ገና አልመለስኩለትም።

ትናንት ሁለቱን አንድ ላይ አስገባኋቸው፤ ካፌውን ለቀቅኩ።
ሴትዮዋ ሳቀች፣ አሥራ አራተኛው ሰከንድ ላይ።
ሶልቫይ ጎንበስ አለች ወደ እሱ። ማይክሮፎኑ አልያዛትም፤
ከመስታወቱ ወዲህ ከንፈሯን ከማየት ሌላ አልሰማሁም።
ቶርኪል እንደለመደው ጮክ ብሎ ደገመ፦

«ዣንጥላህን ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ ረሳኸው።»

እጄ ሳላዝዘው ጻፈ፤
አምስት ከአምስት።